የሆድ የሆዳቸውን የሰማ ሙያ

«የት ነው የሚያምዎት?» ይላል ሐኪሙ በዕብራይስጥ። ከጎንደር ገጠር ተነሥተው፣ በሱዳን አልፈው የመጡት እናት ነጠላቸውን እየሰበሰቡ «ሆዴን ነው» ብለው ይመልሳሉ። አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ ገና ትምህርት ቤት ያለ የራሳቸው ልጅ ነው። «ሆድ»ን «ቤጤን» ብሎ ያቀብላል። ሐኪሙ የደምና የሰገራ ምርመራ ያዛል፣ ራጅ ያስነሣል፣ ውጤቱን አገላብጦ ያያል፤ ምንም የለም። ከሳምንት በኋላ እኚያው እናት ተመልሰው ይመጣሉ። አሁንም ሆዴን ይላሉ።

እንዲህ ያለው ምልልስ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በእስራኤል ክሊኒኮች የተለመደ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ሐኪሙ ሥራውን ሠርቷል። ልጁም ቃሉን አላዛባም። እናቲቱም የተናገሩት እውነቱን ነው። ሦስቱም ሳያጠፉ ግን ሕመሙ ሳይሰማ ቀረ። ከኢትዮጵያ የገቡትን አይሁዶች፣ ቤተ እስራኤላውያንን፣ ለመርዳት የተሰማሩ ሐኪሞች፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችና ማኅበራዊ ሠራተኞች ይህን ክፍተት እስኪደፍኑት ድረስ ረጅም ዓመታት ወስዶባቸዋል። በመንገዱም ላይ ከማኅበረሰቡ ብዙ ነገር መማር ነበረባቸው።

አማርኛ ለሚናገር ሰው ሆድ የምግብ ማደሪያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ኀዘን የገባው ሰው «ሆድ ባሰኝ» ይላል፤ ክፉ ነገር የሸተተው «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ይላል። ቶሎ እንባው የሚመጣው ሆደ ቡቡ፣ ብዙ ችሎ የሚያልፈው ሆደ ሰፊ ነው። የተቀያየሙ ጎረቤታሞች ሆድና ጀርባ ይሆናሉ፤ የሚዋደዱት ደግሞ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው የሆድ የሆዳቸውን ይጫወታሉ። ቢነገር የማይቀል ነገር የገጠመው ሰው «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። በጎንደር ገጠር ባደገ ሰው ዘንድ ይህ ዝምታ ጨዋነት ነው፤ ሥቃዩን በየደረሰበት የሚዘረግፍ ይታዘንለታል እንጂ አይከበርም። ስለዚህ «ሆዴን» የሚለው ቃል ያልዳነ የአንጀት ትል ሊሆን ይችላል፤ ሱዳን ውስጥ የተቀበረ ሕፃንም ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሁለቱም በአንድነት።

ከእነዚህ ሰዎች ሆድ ያልወጣው ነገር ምን እንደነበር ለማወቅ ወደ መንገዱ መመለስ ያስፈልጋል።

በደርግ ዘመን ያለ ፈቃድ ከአገር መውጣት ወንጀል ነበር። ከወልቃይት፣ ከጸገዴ፣ ከሰሜን፣ ከደምቢያ፣ ከበለሳ የተነሡ ቤተሰቦች ቀን በጫካ ተደብቀው፣ ሌሊት በመንገድ መሪ እየተመሩ፣ ለሳምንታት በእግራቸው ወደ ሱዳን ድንበር ተጓዙ። ሽፍታ ዘረፋቸው፣ ውኃ ጠማቸው፣ ሽማግሌና ሕፃን ከመንገድ ቀረ። የደረሱት በገዳሪፍ አካባቢ ወዳሉት እንደ ኡም ረኩባና ተዋዋ ያሉ የስደተኞች ጣቢያዎች ነው። በ1984 በኢትዮጵያ በገባው ረሃብ ምክንያት ጣቢያዎቹ ከአቅማቸው በላይ በሞሉበት ጊዜ ወባና ተቅማጥ ሰዉን ይጨርሰው ጀመር። በመንገድና በሱዳን የሞቱት ቤተ እስራኤላውያን ወደ 4,000 እንደሚጠጉ ይገመታል።

በዚያ ላይ የመደበቅ ጭንቅ ነበረ። አይሁድነታቸው እንዳይታወቅባቸው ጸሎታቸውንና ሰንበታቸውን በስውር መያዝ ነበረባቸው። አገር ቤት ሰው ሲሞት መንደሩ ይነቀላል፤ ሙሾ ይወረዳል፣ ደረት ይመታል፣ ሰባት ቀን ለቅሶ ይቀመጣሉ፣ ኋላም ተዝካር ይወጣል። በሱዳን ግን የሞተውን በችኮላ አፈር አልብሶ ድምፅ ሳያሰሙ መመለስ ግድ ነበር። አንዳንዱ ቤተሰብ በአንድ ወር ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰው ቀብሮ አንዱንም በወጉ አላለቀሰም። ያ ሁሉ ለቅሶ ከሰዉ ጋር አውሮፕላን ተሳፈረ።

የሙሴ ዘመቻ በመባል የታወቀው ማጓጓዝ የተጀመረው በኅዳር 1984 ነው። ከሱዳን መንግሥት ጋር በምስጢር በተደረሰ ስምምነት ከካርቱም በሌሊት የሚነሡ የአንድ የቤልጂግ አየር መንገድ አውሮፕላኖች ከ6,000 በላይ ሰዎችን በአውሮፓ በኩል አድርገው እስራኤል አደረሱ። ምስጢሩ ወደ ጋዜጣ ሲወጣ ሱዳን በጥር 1985 መጀመሪያ ላይ በሩን ዘጋች፤ ያልተሳፈረው እዚያው ቀረ። በዚያው ዓመት መጋቢት የአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖች በሱዳን ከቀሩት የተወሰኑትን አወጡ። በኢትዮጵያና በእስራኤል መካከል የነበረው የዲፕሎማሲ ግንኙነት ከ1973 ጀምሮ ተቋርጦ ስለነበር፣ እስከ 1989 መጨረሻ ድረስ እናት ጎንደር ልጅ እስራኤል፣ ባል ሃይፋ ሚስት ደምቢያ ሆነው የኖሩ ብዙ ናቸው።

አቀባበሉ ከልብ ነበር። ሕዝቡ ልብስና አሻንጉሊት ይዞ ወጣ፣ ሐኪሞች ሌት ተቀን ሠሩ፣ የአይሁድ ኤጀንሲ በየአገሩ የመቀበያ ማዕከላት ከፈተ። እርዳታው ግን ይቸኩል ነበር፤ በችኮላውም ሰዉ ከጨበጠው ጥቂት ነገር ላይ ሌላ ተቀነሰ። አንደኛው ስም ነው። መዝጋቢዎችና አስተማሪዎች ለልጆቹ የዕብራይስጥ ስም አወጡላቸው፤ እናትየዋ በምጥ ማግሥት በምክንያት ያወጣችው ስም በአንድ ቀን ከመዝገብ ጠፋ። ሁለተኛው አባትነት ነው። አርሶ ያበላ፣ ቀጥቅጦ ማረሻ ያወጣ፣ በሽምግልና የተቀመጠ ሰው በአዲሱ አገር ፊደል ያልለየ ጡረተኛ ሆነ፤ የሰባት ዓመት ልጁ ደግሞ በየቢሮው አፉ ሆነለት። ሦስተኛው ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ካሉት ልጆች አብዛኞቹ «አሊያት ሃኖዓር» በሚባለው ድርጅት በኩል ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተላኩ፤ የብዙዎቹ ወላጆች ገና ኢትዮጵያ ወይም ሱዳን ነበሩ።

በ1985 መከር ደግሞ ማኅበረሰቡ አደባባይ ወጣ። ዋናው የራቢዎች ጽሕፈት ቤት ጋብቻ ለመፈጸም የሚፈልጉ ኢትዮጵያውያን በምሳሌያዊ ሥርዓት ውኃ ውስጥ እንዲጠልቁ ይጠይቅ ነበር። በእምነታቸው ምክንያት ያን ሁሉ መንገድ የሄዱ ሰዎች ይህን እንደ ጥርጣሬ ቆጠሩት፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ሌት ተቀን ተቀመጡ። እስከዚያ ቀን ድረስ የእስራኤል ማኅበራዊ ሠራተኞች የሚያውቋቸው «እሺ» ሲሉ ነበር። ከተቀማጩ መካከል በተለይ ሽማግሌዎቹ «እሺ» ያሉት በአክብሮት እንጂ በመስማማት እንዳልነበረ ያኔ ታየ።

በአዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ሌላ ምልክት ብቅ አለ። አንዳንድ ልጆች ምግብ ማቆም ጀመሩ። ይከሳሉ፣ ሲጠየቁ «አልራበኝም፣ ሆዴ ሞልቷል» ይላሉ። የምዕራባውያንን መጻሕፍት ያነበበ ባለሙያ ይህን ሲያይ ወዲያው የሚመጣለት አኖሬክሲያ የሚባለው፣ መክሳት በመሻት የሚመጣው የአመጋገብ ሕመም ነው። ከወጣቶቹ ጋር ለዓመታት የሠራው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋዲ ቤን ኤዘር ግን ቃሉን እንደ ተባለ ወሰደው። ሆድ በኢትዮጵያውያኑ ዘንድ የስሜት መያዣ ከሆነ፣ በኀዘን የሞላ ሆድ ለእንጀራ ቦታ የለውም ማለት ነው። ታዲያ መድኃኒቱ እህል ማስገደድ ሳይሆን በውስጥ ያለው እንዲወጣ መፍቀድ ይሆናል። ይህን በ1990 በጻፈው ጽሑፍ አቀረበው፤ ሕመም የመሰለው ነገር ልጆቹ መከራቸውን የሚችሉበት የራሳቸው ዘይቤ ሊሆን እንደሚችልም ተከራከረ። በ1992 ስለዚሁ ፍልሰት በዕብራይስጥ ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ «በማሰሮ ውስጥ እንዳለ ብርሃን» የሚል ትርጉም አለው።

ቤን ኤዘር ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ ለሙያው ታላቅ ትምህርት ሆነ። በሱዳን በኩል የመጡ 45 ወጣቶችን ተቀምጦ ታሪካቸውን አስወራቸው፤ ውጤቱም በ2002 በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። በወጣቶቹ ትረካ ውስጥ ሦስት ነገሮች ደጋግመው ይመጣሉ፤ አይሁድነታቸው፣ የደረሰባቸው ሥቃይ፣ ያሳዩት ጀግንነትና ጽናት። ሙያው እስከዚያ ያየው ሁለተኛውን ብቻ ነበር። ልጁ ግን ሲናገር ወንድሙን አዝሎ በሌሊት ገደል የተሻገረ ጎበዝ ነበር። እስራኤል ሲደርስ ሁሉም ምስኪን ተረጂ አድርጎ ሲያየው ግማሽ ታሪኩ ተወሰደበት። የሚያዳምጥ ሰው ጉዞውን እንደ ጀግና ጉዞ ሲሰማለት፣ ልጁ ያንን ጽናት ለአዲሱ ኑሮ ስንቅ ሊያደርገው ይችላል።

እንዲህ ዓይነት እውቀት ገና እየበሰለ ሳለ ሁለተኛው ጎርፍ መጣ። በግንቦት 1991 መንግሥቱ ኃይለማርያም ከአገር ከወጡ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት፣ የሰሎሞን ዘመቻ ተጀመረ። በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ ወንበሮቹ የወጡለት አንድ የኤል አል ጃምቦ ብቻ ከ1,000 በላይ ሰዎች ጫነ። ቤተሰብ እንዳይበታተን በየሰዉ ግንባርና ልብስ ላይ ቁጥር ተለጠፈ። እነዚህ ሰዎች እንደ ቀደሙት በረሃ አላቋረጡም፤ ግን ከመንደራቸው ነቅለው አዲስ አበባ ውስጥ በኪራይ ጎጆ ወራት ጠብቀዋል፣ ብዙ ሕፃናት በበሽታ ሞተውባቸዋል፣ ከአንድ ቀን ወደ ሌላው ሕይወታቸው ተለውጧል። የመቀበያ ማዕከላቱ ስላልበቁ በሆቴሎችና እንደ ሁልዳ፣ ሐጽሮት ያሳፍ፣ ኔቬ ካርሜል ባሉ የካራቫን ሰፈሮች ሰፈሩ። አንዳንዱ ለጥቂት ወራት ተብሎ በገባበት የቆርቆሮ ቤት ዓመታት ቆየ።

ከዚያ በኋላ በሆስፒታሎች ዛር የሚባል ቃል መሰማት ጀመረ። አንዲት ሴት በድንገት ትወድቃለች፣ ድምፅዋ ይለወጣል፣ በማታውቀው አነጋገር ትናገራለች። ቤተሰቡ ዛሯ እንደተነሣ ያውቃል፤ ቡናና ዕጣን ያዘጋጃል፣ ምን እንደሚፈልግ ይጠይቃል። ሐኪሙ ደግሞ ከአእምሮ ሕመም መዝገብ አንዱን ስም ይመርጣል። የሥነ አእምሮ ሐኪሞቹ ኒምሮድ ግሪሳሩና ኤሊዔዘር ቪጽቱም ከባልደረባቸው ጋር በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ በግልጽ አቀረቡት፤ ዛር ሕመም ነው ወይስ በባህሉ ውስጥ ቦታ ያለው የጭንቅ መግለጫ? ጥያቄው በሙያ መጽሔት መጻፉ ራሱ ለውጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለታማሚዋ መድኃኒት ሲታዘዝ ለቤተሰቧም ጥያቄ መጠየቅ እንዳለበት ማሰብ ተጀመረ።

ከሁሉ ከባዱ ትምህርት የመርዶ ነበር። አገር ቤት መርዶ ሰዓትም ነጋሪም አለው። ወዳጅ ዘመድ በድብቅ ይጠራራል፤ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ከደጃፍ ይሰበሰባል፤ የሚከበር ሽማግሌ ይቀድማል። ባለመርዶዋ ድምፁን ስትሰማ ነገሩ ይገባታል፤ ስትወድቅም የሚይዙዋት እጆች ከጎኗ ናቸው። መሬት የምትቧጥጠውን እጇን አንዷ ትይዛለች፣ ሌላዋ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ታለብሳታለች። ማንም ሰው መርዶን ብቻውን እንዲሰማ አይደረግም። በእስራኤል ግን ሞት በስልክ፣ በደብዳቤ፣ በሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሞ ይነገር ነበር፤ ሐኪሙ እውነቱን በቀጥታና በፍጥነት መናገርን እንደ ታማኝነት ይቆጥረዋል። ሰሚው ግን ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ በሞቱም በአነጋገሩም። ከብዙ ጥፋት በኋላ ይህ ልማድ ለማኅበራዊ ሠራተኞች በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ገባ። ክፉ ወሬ ሲኖር አስቀድሞ ዘመድና ሽማግሌ መጥራት፣ ወሬውን ለእነርሱ ማስረከብ፣ ለለቅሶው ጊዜና ቦታ መተው ተለመደ።

በጥር 1996 ግን ለዓመታት የተገነባው እምነት በአንድ ጋዜጣ ዜና ተናጋ። «ማሪቭ» የተባለው ጋዜጣ ኢትዮጵያውያን የለገሡት ደም የበሽታ ሥጋት አለው በሚል ለጋሾቹ ሳይነገራቸው ይጣል እንደነበር ገለጠ። ከቀናት በኋላ 10,000 ያህል ሰዎች ኢየሩሳሌም ውስጥ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጡ፤ ሰልፉም ወደ ግጭት ተለወጠ። በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይጽሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። በአማርኛ ዘመዱን «ደሜ» ብሎ ለሚጠራ ሰው ደም መስጠት ወገንነትን ማስመስከር ነው፤ ሲጣል ለጋሹም አብሮ እንደተጣለ ይሰማዋል። ከዚህ በኋላ ነጭ ካፖርት ለለበሰ ሰው የሆድን መናገር የበለጠ ከበደ። የጤና ሠራተኞችም ከማኅበረሰቡ የወጣ ሰው መሐል ካልቆመ ምንም እንደማይሳካ ተረዱ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የተነሡት ሁለት ሥራዎች የዚህ ግንዛቤ ፍሬ ናቸው። አንደኛው «ጤና ብሪኡት» ነው፤ ስሙ ጤና የሚለውን ቃል በአማርኛና በዕብራይስጥ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ነው። መሥራቿ በስኳር ሕመም የሠለጠነችው ሐኪም አናት ያፌ ናት። ሁለተኛው «ሬፉአ ሽሌማ» ይባላል፤ ለታመመ ሰው ከሚጸለየው ጸሎት የተወሰደ ሲሆን ፍጹም ፈውስ ማለት ነው። ኢትዮጵያውያን በሚበዙባቸው ከተሞች ባሉ ክሊኒኮች ከማኅበረሰቡ የወጡ ሴቶችንና ወንዶችን አሠልጥኖ ቀጠረ። ለእነዚህ ሰዎች የተሰጣቸው ማዕረግ «ሜጋሼር»፣ ድልድይ የሚሠራ ማለት ነው።

የሜጋሼሯ ሥራ ከአስተርጓሚ ይለያል። እማማ ሲገቡ ተነሥታ ትቀበላቸዋለች፤ ስለ ልጆች፣ ስለ አገር ቤት፣ ስለ መንገዱ ትጠይቃለች፤ ሰላምታው ሳያልቅ ወደ ሕመም አትገባም። እማማ ዓይናቸውን ወደ መሬት ቢጥሉ ሐኪሙን ስለሚያከብሩ እንጂ ስለሚደብቁ እንዳልሆነ ለሐኪሙ ታስረዳለች። «ሆዴን» ሲሉ ትጠይቃለች፤ «ያቃጥላል ወይስ ባር ባር ይላል?» ያቃጥላል ካሉ ምርመራው ይቀጥላል። ባር ባር ካለ ደግሞ ወንበሯን ወደ እማማ ታስጠጋለች፤ ሐኪሙም እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። እማማ ኪኒኑን ለምን እንዳልዋጡ ለሐኪሙ ለመንገር ቢያፍሩም ለእርሷ ይነግሯታል። ልጅም ከእንግዲህ የእናቱን የማሕፀን ሕመም ወይም የአባቱን ለቅሶ ለባዕድ ሰው እንዲተረጉም አይገደድም። በ2011 የታተመ የዚህ ሥራ ግምገማ በሐኪሞችና በታማሚዎች መካከል ያለው ግንኙነት መሻሻሉን ዘግቧል።

ጥናቶቹም ከሥራው ጋር አብረው ሄዱ። በ1999 ብቻ በሁለት ዓለም አቀፍ መጽሔቶች፣ አንዱ የሕዝብ ጤና ሌላው ባህል አቋራጭ የሥነ አእምሮ ሕክምና ላይ፣ ኢትዮጵያውያን ታማሚዎችና ሐኪሞቻቸው ስለ አንድ ሕመም ምን ያህል የተለያየ ነገር እንደሚረዱ የሚያሳዩ ጽሑፎች ወጡ። በ2011 የእስራኤል የጤና ሚኒስቴር የሕክምና ተቋማት ለታማሚው በሚገባው ቋንቋና ባህሉን ባከበረ መንገድ እንዲያገለግሉ የሚያዝ መመሪያ አወጣ። አማርኛ የታሰበባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነበር።

ከክሊኒኩ ውጭም አሮጌው ዳኝነት ወደ ቦታው ተመለሰ። ባልና ሚስት ሲጣሉ ፖሊስና ፍርድ ቤት ቀድመው የሚገቡበት ኑሮ ብዙ ትዳር ስላፈረሰ፣ በአንዳንድ ከተሞች ሽማግሌዎች ከማኅበራዊ ሠራተኞች ጋር ተቀምጠው እንዲያስታርቁ ተደረገ። የዕብራይስጥ ጋዜጦች ዛሬ «ሽማግሎች»ን ሳይተረጉሙ ይጽፉታል፤ «ቄስ»ንም በራሳቸው ሰዋስው «ቄሲም» ብለው ያበዙታል።

ያልተለቀሰው ለቅሶም በመጨረሻ ቦታ አገኘ። በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ፣ የአገሪቱ መሪዎችና ወታደሮች በተቀበሩበት ስፍራ፣ በሱዳን መንገድ ለሞቱት ቤተ እስራኤላውያን የመታሰቢያ ሐውልት በ2007 ቆመ። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን መንግሥታዊ ሥነ ሥርዓት ይደረግበታል። በ2008 ደግሞ የእስራኤል ፓርላማ፣ ክኔሴት፣ ስግድን ብሔራዊ በዓል የሚያደርግ ሕግ አጸደቀ፤ ጎንደር ውስጥ ተራራ ላይ ወጥተው ወደ ኢየሩሳሌም ይሰግዱበት የነበረው ቀን በአዲሱ አገር የመንግሥት ዕውቅና አገኘ። በ2020 የስደተኞች ቅበላ ሚኒስትር ሆና የተሾመችው ፕኒና ታማኖ ሻታ በሙሴ ዘመቻ በሦስት ዓመቷ የመጣች ሕፃን ነበረች። ይህ ሁሉ ሲሆን ቁስሉ አልሻረም፤ በ2015ና በ2019 የፖሊስን ጥቃት በመቃወም ወጣቶች አውራ ጎዳናዎችን ዘግተዋል፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ እስራኤል የተወለዱ ናቸው።

በሄርዝል ተራራው ቀን ቄሶች ባለ ጥልፍ ጃንጥላ ይዘው በግእዝ ይጸልያሉ፤ ባለሥልጣናት በዕብራይስጥ ይናገራሉ። ነጭ የለበሱ እናቶች ከፊት ተቀምጠው፣ ሱዳን ላይ በዝምታ የቀበሩትን ልጅ ስም እየጠሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያለቅሳሉ። አጠገባቸው ያሉት የልጅ ልጆች አማርኛው በደንብ አይገባቸውም፤ የአያታቸውን ትከሻ ግን ይዘዋል።